የሮታ ቫይረስ መለዋወጥ፣ ክትባቱ እና የሕፃናት የአንጀት መዘጋት

ከአራዳ እስከ ቂርቆስ ባሉት ጤና ጣቢያዎች አንድ ሕፃን በ6 ሳምንቱ ለክትባት ሲቀርብ ከመርፌው ሌላ በአፉ የሚሰጠው ጣፋጭ ፈሳሽ አለ። መጠኑ 1.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በጉንጩ የውስጥ በኩል ቀስ ተብሎ ይንቆረቆርለታል። በ10 ሳምንቱ ይደገማል። ይህ የሮታ ቫይረስ ክትባት ነው፤ ኢትዮጵያ በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ያስገባችው በ2006 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ክትባት ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይነሳሉ። አንደኛው «ቫይረሱ ራሱን እየለዋወጠ ከሆነ የቀድሞው ክትባት ምን ይረባል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የልጅ አንጀት ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» የሚል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱም በቂ ጥናት ተደርጎባቸዋል። ከመልሱ በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት፦ በዚህ ከተማ አንጀቱ የተዘጋ ሕፃን ለአደጋ የሚጋለጠው በክትባቱ ሳይሆን፣ ሕመሙ አሜባ ወይም ተራ ቁርጠት ተብሎ በሚባክኑት ሰዓታት ነው። የዚህ ጽሑፍ ረጅሙ ክፍልም ስለዚያው ነው።

ዐሥራ አንድ ቁርጥራጭ ያለው ቫይረስ

ሮታ ቫይረስ የሕፃናት ኃይለኛ ተቅማጥና ትውከት ዋነኛ መንስኤ ነው። በሰው ላይ መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት ሩት ቢሾፕና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ ከታመሙ ሕፃናት ትንሹ አንጀት የተወሰደ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ አገኙት።

የዚህ ቫይረስ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃው፣ አንድ ረጅም ክር አይደለም። 11 የተለያዩ ቁርጥራጮች ነው፤ እያንዳንዱም ባለ ጥንድ ሰንሰለት አርኤንኤ ነው። ሁሉም ቢደመሩ ወደ 18,500 የሚጠጉ ጥንድ ፊደላት ይሆናሉ። ከእነዚህ 12 ፕሮቲኖች ይሠራሉ። ስድስቱ የቫይረሱን አካል ይገነባሉ፤ የቀሩት ስድስቱ ቫይረሱ በያዘው ሕዋስ ውስጥ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ኤንኤስፒ4 የሚባለው፣ እንደ መርዝ ሆኖ አንጀት ውኃና ጨው እንዲያፈስ ያደርጋል። ሕፃኑ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዓይኑ የሚጎደጉደው፣ እርግብግቢቱም ወደ ውስጥ የሚገባው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ቫይረሱ የሚለወጠው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የግልበጣ ስሕተት ነው። አርኤንኤውን የሚገለብጠው ፕሮቲን የሠራውን መልሶ አያርምም፤ ስለዚህ በየትውልዱ አንዳንድ ፊደል ይቀየራል። ይህ ቀስ ያለ ለውጥ ነው።

ሁለተኛው ፈጣን ነው። ሁለት ዓይነት ሮታ ቫይረስ በአንድ ጊዜ አንድ ሕዋስ ውስጥ ቢገቡ፣ የሁለቱም 11፣ 11 ቁርጥራጮች እዚያው ይባዛሉ። አዲሱ ቫይረስ ሲገጣጠም የተወሰነውን ከአንዱ፣ የተወሰነውን ከሌላው ሊወስድ ይችላል። ለእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ሁለት አማራጭ ስላለ፣ በስሌት ደረጃ 2,048 ዓይነት ጥምረት ይቻላል። በተግባር አብዛኛው ጥምረት አይዘልቅም፤ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ መግባባት አለባቸው። ነገር ግን የሚዘልቀው አንድ ጥምረት በአንድ ወቅት ውስጥ ብዙ አገር ሊያዳርስ ይችላል።

ሦስተኛው ከእንስሳት የሚመጣው ነው። ከብት፣ አሳማ፣ ፈረስ የየራሳቸው ሮታ ቫይረስ አላቸው። አልፎ አልፎ የእንስሳው ቁርጥራጭ ወደ ሰው ቫይረስ ይገባል። ጂ8 የሚባለው ዓይነት ከከብት ጋር ዝምድና አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በብዙ አገር የታየው አንድ ጂ3 ደግሞ የውጭ ፕሮቲኑ ዘር ከፈረስ ቫይረስ ጋር የሚቀራረብ ነው።

የስያሜው ነገር ብዙ አንባቢን ግራ ያጋባል፤ ሥርዓቱ ግን ቀላል ነው። ከቫይረሱ ውጫዊ ክፍል ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። ቪፒ7 የጂ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ቪፒ4 የፒ ቁጥሩን። ጂ1ፒ[8]፣ ጂ2ፒ[4]፣ ጂ3ፒ[8]፣ ጂ9ፒ[8]፣ ጂ12ፒ[8] የሚባሉት ከዚህ የመጡ ናቸው። ችግሩ ሁለቱን ብቻ ማንበብ ዘጠኙን መተው ነው። ከላይ የተጠቀሰው ከፈረስ የሚቀራረበው ጂ3ፒ[8] በስሙ ከተለመደው ጂ3ፒ[8] አይለይም፤ ውስጡን ሲያነቡት ግን የቀሩት ቁርጥራጮቹ ዲኤስ-1 ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ የተለመደው ደግሞ «ዋ» ከሚባለው ቤተሰብ ነው። በዚህ የተነሳ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተመራማሪዎች ለ11ዱም ቁርጥራጭ ቁጥር የሚሰጥ ስያሜ ይጠቀማሉ።

ከዳይፐር እስከ ጂኖም ንባብ

ንባቡ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። ናሙናው ለጋ ሰገራ መሆን አለበት፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል። ዳይፐር ፈሳሹን ስለሚመጥጥ፣ ውኃ የሆነ ተቅማጥ ያለበት ልጅ ዳይፐሩ ተገልብጦ ፕላስቲኩ ወደ ልጁ ሰውነት ቢደረግ ናሙናው ይገኛል። ዕቃው በደንብ የሚከደን ይሁን፤ በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይቀመጥ፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ በረዶ ውስጥ ይግባ።

ላቦራቶሪው መጀመሪያ በኤላይዛ ምርመራ ቫይረሱ መኖሩን ያያል። የቆየውና ርካሹ ዘዴ አርኤንኤውን በጄል ላይ በኤሌክትሪክ መለየት ነው፤ በሰው ዘንድ በብዛት የሚገኘው የምድብ ኤ ሮታ ቫይረስ ከሆነ 11ዱ መስመሮች 4፣ 2፣ 3፣ 2 ሆነው ይደረደራሉ። ይህን ድርድር ያየ ባለሙያ ሌላ ማረጋገጫ ብዙም አያሻውም። ከ11 በላይ መስመር ከታየ ልጁ ሁለት ቫይረስ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ወደ ዝርዝር ንባብ ሲኬድ አንድ የማይታለፍ ደረጃ አለ። አርኤንኤው ጥንድ ስለሆነ መጀመሪያ መለያየት አለበት፤ በ95 ዲግሪ ገደማ ለ5 ደቂቃ ይሞቅና ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ሁለቱ ሰንሰለቶች ተመልሰው ይጣመራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ባዶ ውጤት ይሰጣል። ጀማሪ ላቦራቶሪዎች «ናሙናው ቫይረስ የለውም» ብለው የሚጥሉት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ወጥመድ የተደባለቀ ናሙና ነው። ልጁ ሁለት ዓይነት ቫይረስ ካለው፣ ኮምፒውተሩ የተነበቡትን ቁርጥራጮች ሲገጣጥም ከሁለቱም ወስዶ በዓለም ላይ የሌለ «አዲስ» ቫይረስ ሊፈጥር ይችላል። እንዲህ ያለ ግኝት ይፋ ከመውጣቱ በፊት ናሙናው ሁለት ዓይነት አለመያዙ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ከአንጀት መዘጋት ጋር ምን አገናኘው? ክትባቱ ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። በአገራችን መርሐ ግብር የገባው ሮታሪክስ፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በሲንሲናቲ፣ አሜሪካ ከአንድ ልጅ የተገኘ ጂ1ፒ[8] ቫይረስ ነው፤ በላቦራቶሪ ሕዋስ ውስጥ ደጋግሞ በማሳለፍ ተዳክሟል። የተከተበ ሕፃን ይህን ቫይረስ በሰገራው ያወጣል፤ በብዛት የሚታየው ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ 7ኛው ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሕፃን በተከተበ በሳምንቱ አንጀቱ ቢዘጋና ሰገራው ላይ ሮታ ቫይረስ ቢገኝ፣ የክትባቱ ይሁን የመንደሩ ቫይረስ ኤላይዛ አይለየውም። የሚለየው የጂኖም ንባብ ነው።

ቫይረሱ ሲለወጥ ክትባቱ ለምን አይሞትም?

በሜክሲኮ ሲቲ 200 ሕፃናት ከልደት ጀምሮ ተከታትለው የተጠኑበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሟል። ሁለት ጊዜ በሮታ ቫይረስ ከተያዙት ልጆች መካከል ከዚያ በኋላ መካከለኛ ወይም ከባድ ተቅማጥ የያዘው አልነበረም። ቫይረሱ በተፈጥሮ ሲይዝ ኢንፌክሽኑን ሳይሆን ከባዱን ሕመም እየከለከለ ይሄዳል ማለት ነው፤ ክትባቱም የሚሠራው ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ነው። ሰውነት የሚያውቀው የውጭውን ሁለት ፕሮቲን ብቻ ስላልሆነ፣ ከጂ1ፒ[8] የተሠራው ክትባት ከሌሎች ዓይነቶችም ይከላከላል።

የክትባቱ ብቃት ግን በሁሉም አገር እኩል አይደለም። በሀብታም አገሮች ከባዱን የሮታ ሕመም ከ10 ጊዜ 8 ወይም 9 ጊዜ ይከላከላል። የሕፃናት ሞት ከፍተኛ በሆነባቸው አገሮች ግማሽ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው። ለዚህ ልዩነት የቫይረሱን መለወጥ መውቀስ ይቀናል፤ ማስረጃው ግን ይበልጥ የሚያመለክተው ወደ ሕፃኑ አንጀት ነው። ከእናት የሚወረሱት ፀረ እንግዳ አካላት ክትባቱን ያዳክማሉ፤ በአንድ ቀን በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ የመጀመሪያውን የሮታ ዶዝ መባዛት ይቀንሳል፤ በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን የተጎዳ የአንጀት ግድግዳ በቂ ምላሽ አይሰጥም። አንዳንድ ሕፃናት ደግሞ ፒ[8] ቫይረስ የሚያያዝበት የስኳር ሞለኪውል በአንጀታቸው ላይ በተፈጥሮ የላቸውም፤ ክትባቱ እነሱ ጋር አይዝም። ፒ[6] የተባለው ዓይነት በአፍሪካ በብዛት የሚታየው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው።

ግማሽ መከላከል ትንሽ መስሎ የሚታየው ሕመሙ ትንሽ በሆነበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም በሮታ ቫይረስ ከሞቱት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአምስት አገሮች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች።

አንጀት በአንጀት ውስጥ ሲገባ

ሐኪሞች ኢንተሰሰፕሽን የሚሉት የአንጀት መዘጋት፣ የላይኛው የአንጀት ክፍል ወደ ታችኛው ውስጥ ተጣጥፎ ሲገባ ነው፤ የሹራብ እጅጌ ሲወልቅ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፈው ያለ። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚሆነው ትንሹ አንጀት ወደ ትልቁ በሚገናኝበት፣ በሆድ በስተቀኝ ታችኛው በኩል ነው። ትንሹ አንጀት እዚህ መጨረሻው ላይ ብዙ ንፍፊት መሰል ሥጋ አለው። አንድ ቫይረስ አንጀት ሲያጠቃ ይህ ሥጋ ያብጣል። የአንጀት እንቅስቃሴ ያበጠውን እንደ ምግብ ቆጥሮ ወደፊት ይገፋዋል፤ ግድግዳውም ተከትሎ ይገባል። አብሮ የገባው የደም ሥር ይጨመቃል፤ መጀመሪያ ደም የሚመልሰው ሥር ስለሚዘጋ ግድግዳው ያብጣል፣ ደምና ንፍጥ ያፈሳል፤ ቆይቶ ደም የሚያመጣውም ይዘጋና አንጀቱ ይሞታል፣ ይበሳል።

ከዚህ ሕመም ጋር በተደጋጋሚ የተያያዘው ቫይረስ አዴኖ ቫይረስ እንጂ ሮታ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ጥናቶች አማካይ ከ1 ዓመት በታች ካሉ 100,000 ሕፃናት 74 ገደማ ነው፤ ከአገር አገር ግን በጣም ይለያያል። ከፍተኛው ቁጥር የሚታየው በ5 እና በ7 ወር መካከል ነው። ልብ ይባል፦ እኛ ጋር የሮታ ክትባት በ6 እና በ10 ሳምንት አልቋል። በ6 ወሩ አንጀቱ የሚዘጋ ልጅ ጉዳዩ ከክትባቱ ጋር አይገናኝም።

የክትባቱ ስም ከዚህ ሕመም ጋር የተነሳው ሮታሺልድ በተባለ በሌላ ክትባት ምክንያት ነው። የዝንጀሮ ቫይረስ ከሰው ቫይረስ ቁርጥራጭ ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ፈቀደችው፤ በሐምሌ 1999 መሰጠቱ ቆመ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ከገበያ ወጣ። ከ10,000 የተከተቡ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ተጨማሪ የአንጀት መዘጋት እንዳስከተለ ተገምቷል፤ አብዛኛው ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ በተለይም የመጀመሪያውን ዶዝ ዘግይተው ከ3 ወር ዕድሜ በኋላ በወሰዱት ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሮታሪክስና ሮታቴክ እያንዳንዳቸው ከ60,000 በላይ ሕፃናት ላይ ተሞክረው ነው የተፈቀዱት። በስፋት ከተሰጡ በኋላ በሀብታም አገሮች በተደረገ ክትትል ትንሽ ጭማሪ ታይቷል፦ ከ100,000 የተከተቡ ሕፃናት ከ1 እስከ 5 የሚደርስ፣ ይበልጡኑ ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት። ይህ እውነት ነውና መደበቅ የለበትም።

በአፍሪካስ? ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 አገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ሮታሪክስ የአንጀት መዘጋትን እንደጨመረ አላገኘም። የጥናቱ ዘዴ ማወቅ ይጠቅማል። አንጀታቸው የተዘጋ ሕፃናት ብቻ ይመዘገባሉ፤ ከዚያ የእያንዳንዱ ልጅ ዕድሜ ለሁለት ይከፈላል፦ ከዶዙ በኋላ ያሉት 1–7 እና 8–21 ቀናት በአንድ በኩል፣ የቀረው ጊዜ በሌላ በኩል። ልጁ የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ስለሆነ የቤተሰብ ድህነት፣ የሰፈር ንጽሕናና የጡት መጥባት ልዩነት ውጤቱን አያዛባም። የሚያዛባው የክትባት ቀን በትክክል አለመመዝገብ ነው፤ ስለዚህ ቢጫዋ ካርድ ላይ የምትጻፈው ቀን ለሳይንሱም ዋጋ አላት። ጭማሪ ያልታየበትን ምክንያት ተመራማሪዎች ሲያስረዱ፣ የመጀመሪያው ዶዝ ሕመሙ ገና እምብዛም በማይታይበት በ6 ሳምንት መሰጠቱን፣ በአንድ ቀን የሚሰጠውን የፖሊዮ ጠብታ እና ከእናት የሚመጣውን መከላከያ ይጠቅሳሉ።

ምልክቱ፣ እና የሚባክነው ቀን

ምልክቱ ከልቅሶው ይጀምራል። ደህና የነበረ፣ ብዙ ጊዜም ወፈር ያለ ጤናማ ሕፃን፣ ድንገት ይጮኻል፤ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፤ ፊቱ ይገረጣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይተወዋል፤ ጭራሽ ይተኛል ወይም ይጫወታል። ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ይመለስበታል። እየቆየ መካከሉ ላይ ያለው እረፍት ይጠፋና ልጁ ይዝላል፤ ዓይኑን እንኳ በቅጡ አይገልጥም። ትውከቱ መጀመሪያ ወተት ነው፤ ኋላ አረንጓዴ ይሆናል። ሰገራው መጀመሪያ የተለመደ ሊሆን ይችላል፤ ቆይቶ ንፍጥ የተቀላቀለበት ጠቆር ያለ ቀይ ደም ይወርዳል። ልጁ ረጋ ሲል በሆዱ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቱ በታች ሞላላ እብጠት በእጅ ሊገኝ ይችላል።

ሕመሙ፣ ደሙና እብጠቱ ሦስቱም አንድ ላይ የሚገኙት ከግማሽ ባነሱ ልጆች ላይ ነው። ደም እስኪታይ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ ደም የዘገየ ምልክት ነው።

ጊዜ የሚጠፋባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ደም ያለበት ሰገራ ሲታይ «አሜባ ነው» ይባልና ፍላጂል ይታዘዛል። ጡት ብቻ በሚጠባ የ5 ወር ሕፃን ላይ አሜባ እጅግ ያልተለመደ ነው፤ እንዲህ ባለ ዕድሜ ከትውከትና ከሚመላለስ ልቅሶ ጋር ደም ከታየ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ መታሰብ ያለበት አንጀት መዘጋት ነው። ሌላው «ቁርጠት ነው» ተብሎ ድንብላል ወይም ጤና አዳም የተቀቀለበት ውኃ ማጠጣት ነው። ሦስተኛው፣ ዛሬም በከተማው ውስጥ የሚደረገው፣ ተቅማጥ ያመጣል ተብሎ ድድ ውስጥ ያለ የወተት ጥርስ ማስነቀል ወይም እንጥል ማስቆረጥ ነው። ይህ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይጨምራል፤ ለአንጀቱ ምንም አያደርግም።

የክሊኒክ ሐኪምም የሚሳሳትበት ምክንያት አለ። ልጁ በእረፍቱ ደቂቃ ላይ ሆኖ ከታየ ሆዱ ልስልስ ነው፤ ምንም የሌለበት ይመስላል። ስለዚህ እናት ወይም አባት ልቅሶው ሲመጣ በስልካቸው ቪዲዮ ቢቀርጹት ትልቅ እርዳታ ነው። የቆሸሸውን ዳይፐር በፌስታል ይዞ መሄድ፣ የክትባት ካርዱን አለመርሳት፣ መጨረሻ የጠባበትን ሰዓት ማስታወስ። ሐኪሙን «አንጀት ውስጥ አንጀት ገብቶ ይሆን? በአልትራሳውንድ ይታይልን» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሊለመድ የሚገባው ነው።

ተራ የሮታ ተቅማጥ ከዚህ ይለያል። ተቅማጡ ብዙና ውኃ የሆነ ነው፤ ትኩሳት አለው፤ ልቅሶው በሰዓት የሚመላለስ አይደለም። ለዚያ አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ በጥብጦ፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ መስጠት፣ ጡትም አለማቋረጥ፣ ዚንክም ከ6 ወር በታች 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም በቀን ለ10 ቀን ነው። አረንጓዴ ትውከት፣ የተነፋ ሆድ ወይም ከላይ የተገለጸው ዓይነት ልቅሶ ካለ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ጡትም ቢሆን ሐኪም እስኪያየው ይቆያል። አንጀቱ ተዘግቶ ሳለ የሚገባው ፈሳሽ በትውከት ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

መሐል ከተማ ላለ ሰው ርቀቱ ችግር አይደለም። ከፒያሳም ሆነ ከሜክሲኮ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ወዳሉበት፣ መንገዱ አጭር ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ሰዓቱን የሚበላው ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላው መዞር ነው። አልትራሳውንድና የሕፃናት ቀዶ ሕክምና በአንድ ግቢ ወዳለበት በቀጥታ መሄድ ይሻላል።

ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ

አልትራሳውንዱ ሕፃኑን አይጎዳውም። ባለሙያው መሣሪያውን ከሆድ በቀኝ ታችኛው በኩል ጀምሮ የትልቁን አንጀት መንገድ ይከተላል። የገባው አንጀት በአግድም ሲታይ ክብ በክብ ውስጥ ሆኖ ይወጣል፤ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ያነሰና ትንሹ አንጀት ውስጥ ብቻ ያለ ከሆነ በራሱ የሚፈታ ሊሆን ስለሚችል ተደግሞ ይታያል። ልምድ ባለው እጅ ይህ ምርመራ የሚስተው እምብዛም ነው። ራጅ ግን ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ የሚጠቅመው ይበልጥ አንጀት ተበስቶ አየር ወጥቶ እንደሆነ ለማየት ነው።

ከሕክምናው በፊት ሕፃኑ ይዘጋጃል። በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ የተዳከመ ከሆነ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር በፍጥነት፣ ካስፈለገም ተደግሞ። ሆዱ ከተነፋ በአፍንጫ ቱቦ ገብቶ ይቀንሳል። ውኃ ያጣ ልጅን ሳያክሙ ወደ ኢኒማ፣ ማለትም በፊንጢጣ አየር ወይም ፈሳሽ ወደ መግፋት፣ መቸኮል ልጁን በሂደቱ መካከል ሊያሳጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ሕክምና ቢላ የለበትም። በፊንጢጣ ካቴተር የሚባል ቱቦ ይገባል፤ መቀመጫው ተጣብቆ ይያዛል፤ ከዚያ አየር ወይም ለብ ያለ ሳላይን ወደ ትልቁ አንጀት ይገፋል፤ ግፊቱ የገባውን አንጀት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አየር ከሆነ በራጅ ስክሪን እየታየ፣ በጨቅላዎች ከ80፣ ተለቅ ባሉት ከ120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሳያልፍ። ሳላይን ከሆነ ከረጢቱ ከልጁ በላይ 1 ሜትር ገደማ ይሰቀልና በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ይህኛው ጨረር ስለሌለው፣ ዕቃውም ቀላል ስለሆነ ለእኛ ሆስፒታሎች የሚመች ነው። የቆየው ልማድ ሦስት ሙከራ፣ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ነው። የገባው ክብ ጠፍቶ ፈሳሹ ወይም አየሩ በነፃነት ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ ሥራው አልቋል። በደንብ በተደራጀ ቦታ ከ10 ልጆች 8 ወይም 9ኙ በዚህ ይድናሉ።

የተለመደው ብልሽት አየሩ ወይም ፈሳሹ በካቴተሩ ዙሪያ መውጣቱ ነው፤ ግፊቱ አይደርስም፣ ሙከራው እንደ ከሸፈ ይቆጠራል። አስፈሪው አንጀት መበሳቱ ነው፤ ከ100 በአንዱ ገደማ ይሆናል። በአየር ሲሆን ሆዱ ወዲያው ይነፋል፣ ልጁ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ሆድ የሚያስተነፍስ ወፍራም መርፌ በእጅ መኖር አለበት፤ ቀዶ ሐኪሙም ከክፍሉ ርቆ መሄድ የለበትም። ሆዱ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ሾክ ውስጥ ያለ ወይም አንጀቱ አስቀድሞ የተበሳ ልጅ ኢኒማ አይሞከርለትም፤ በቀጥታ ወደ ኦፕሬሽን ይገባል።

በኦፕሬሽን ቀዶ ሐኪሙ የገባውን አንጀት ከላይ አይጎትትም፤ ከታች ይዞ ቀስ እያደረገ ወደ ላይ ያልበዋል። ያበጠ አንጀት ቢጎተት ይቀደዳል። ቀለሙ ከተመለሰ ይተዋል፤ ጠቁሮ ከቀረ ይቆረጥና ጤናማው ጫፍ ይያያዛል። ሕመሙ ከጀመረ ከ24 ሰዓት ካለፈው በኋላ የኢኒማው ዕድል እያነሰ፣ የመቆረጡ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል። በአፍሪካ ብዙ ሕፃናት ያለ ኢኒማ ሙከራ ኦፕሬሽን የሚደረጉት፣ ከእነሱም ብዙዎች የሚሞቱት በዚሁ መዘግየት የተነሳ ነው። ወላጅ ጥፋተኛ ነው ለማለት አይደለም፤ ምልክቱን የነገራቸው የለም።

ከኢኒማ በኋላ ከ10 ልጆች በአንዱ ገደማ ተመልሶ ይገባል፤ አንዳንዴም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት። ስለዚህ ቤት ከገቡ በኋላ ያው የሚመላለስ ልቅሶ ከተሰማ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መመለስ ነው። ዕድሜው ከ2 ዓመት ያለፈ ልጅ ላይ ከደጋገመ ደግሞ አንጀቱ ውስጥ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ፖሊፕ ወይም ሜከል የሚባለው ትርፍ ከረጢት፣ መኖሩ ይፈለጋል።

አንድ ጊዜ አንጀቱ እንዲህ የተዘጋ ሕፃን የቀረ የሮታ ዶዝ ካለው አይሰጠውም። ይህን ወላጅ ለክትባት ባለሙያዋ መንገር አለበት፤ ሆስፒታሉም በካርዱ ላይ ቢጽፈው ይመረጣል። ሌሎቹ ክትባቶች፣ ፔንታውም፣ የሳንባ ምችውም፣ የፖሊዮው መርፌም፣ በየቀናቸው ይቀጥላሉ።